ወፍራሙን ድምፅ ማድመጥ፦ ቤዝ ጊታር፣ አምፕሊፋየርና የክሊኒክ ወግ



ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ የተመልካቹ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በዘፋኙ ላይ ነው፤ ቀጥሎ በሊድ ጊታሩና በሳክስፎኑ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ፣ ከድራሙ ጎን ይቆማል። ዘፈኑ መሀል ላይ የቤዙ ኬብል ቢነቀል ግን ስለ ሙዚቃ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳን አንድ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይሰማዋል። ጭፈራው ይቀዘቅዛል፤ ዘፋኙም ዞር ብሎ ያያል። ቤዝ ምቱን ከድራም ጋር ይጠብቃል፤ ዜማው የሚቆምበትን መሠረትም ያነጥፋል።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚህ ወፍራም ድምፅ ነው። ድምፁ ከተጫዋቹ ጣት ተነሥቶ ከአድማጩ ጆሮ እስኪደርስ በክር፣ በፒክአፕ፣ በአምፕሊፋየር፣ በስፒከርና በክፍሉ ግድግዳ ያልፋል። አምፕሊፋየር የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ተጫዋቾች ተሰብስበው «ይኼኛው ይሻላል፤ ያኛው ይሻላል» ሲባባሉ ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት ሰንሰለቱን ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ፍርዱን የሚጥሉት በአምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ጥሩ የቤዝ ክሊኒክ ይህን ስሕተት ማረም ይችላል፤ አንዱን ቀለበት እየለወጠ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ካቆየ፣ እያንዳንዱ አድማጭ የሚፈርደው በሰማው ነገር ላይ ይሆናል።

ክሊኒክ በሙዚቀኞች ዘንድ ልምድ ያለው ተጫዋች መሣሪያውን ይዞ ተማሪዎች ፊት የሚቀመጥበት ዝግጅት ነው። ይጫወታል፣ ያስረዳል፣ ይጠየቃል፣ የተማሪውን እጅ አይቶ ያርማል። ቦታው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ ወይም ክበብ ሊሆን ይችላል። ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1985 «ሞደርን ኤሌክትሪክ ቤዝ» የተባለውን የማስተማሪያ ቪዲዮ ሲቀርጽ ጠያቂው ራሱ ታላቅ የቤዝ ሰው የሆነው ጄሪ ጀሞት ነበር፤ ቪዲዮው ክፍል ውስጥ መገኘት ላልቻሉ ሁሉ ክሊኒኩን ቤታቸው ድረስ አደረሰላቸው። ሌላው ቤዝ ተጫዋች ቪክተር ውተን ደግሞ ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ቤዝን ከተፈጥሮ ትምህርት ጋር ያዋሐደ ካምፕ ሲያካሂድ ቆይቷል። በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልን።

የኤሌክትሪክ ቤዝ ታሪክ ከአምፕሊፋየር ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም። ቀድሞ በዳንስ ኦርኬስትራዎች የታችኛውን ድምፅ የሚሸከመው ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። ለማጓጓዝ ያስቸግራል፤ ከነሐስ መሣሪያዎችና ከድራም ጋር ሲገጥምም ድምፁ ይዋጣል። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ በ1951 ፕሪሲሽን ቤዝን ይዞ ሲመጣ ሁለቱንም ችግሮች ለመፍታት ነበር። አዲሱ መሣሪያ እንደ ጊታር ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው ተጫዋቹ ኖታውን ሳይስት ያገኘዋል። በላየነል ሀምፕተን ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት የነበረው መንክ ሞንትጎመሪ መሣሪያውን ቀድመው ከተቀበሉት የጃዝ ሰዎች አንዱ ሆነ።

ድፍን እንጨት ግን ያለ አምፕሊፋየር ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ፌንደር በ1952 ባስማንን ያወጣው ለዚህ ነበር፤ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ኃይሉ 26 ዋት ገደማ የሆነ ሣጥን። በ1950ዎቹ አጋማሽ ባስማን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ሆኖ ተቀየረ። ለቤዝ የተሠራው ይህ አምፕሊፋየር በጊታር ተጫዋቾች እጅ የበለጠ ተወደደ፤ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የሠሩት ጄቲኤም45 የሮክ ጊታር ድምፅን የቀየረው የባስማንን ሰርኪት ተከትሎ ነው።

ሌላው የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከኮንትራባሱ ነው። ኤቨረት ሀል ራሱ ሙዚቀኛ ነበር። ኮንትራባሱን መሬት ላይ በሚያቆመው ዘንግ ውስጥ ማይክሮፎን አስገብቶ ድምፁን ማጉላት ጀመረ፤ አምፔግ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ብልሃት ነው። ሀል የሚፈልገው ንጹሕ ድምፅ ነበር፤ ዲስቶርሽን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ1960 ድርጅቱ በጄስ ኦሊቨር ንድፍ የተሠራውን ቢ-15 ፖርታፍሌክስን አወጣ። አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ሲጓጓዝ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ተገልብጦ ሣጥኑ ውስጥ የሚከተት፣ 25 ዋት ብቻ የሆነ አምፕሊፋየር ነው። የስቱዲዮ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚፈልጉት ክብ፣ ሞቅ ያለና የማይጮኽ ቃና ከዚያ ይወጣ ነበር።

ጄምስ ጀመርሰን በመድረክ ቢ-15 ይጠቀም ነበር። የብዙ የሞታውን ሪከርድ ኩባንያ ዘፈኖች የቤዝ መስመር የሠራው ይህ ሰው ለንጽጽር ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው። መሣሪያው የ1962 ፕሪሲሽን ነበር፤ ክሮቹ ለስላሳ መጠምጠሚያ ያላቸው ሲሆኑ መቀየር አይወድም፤ ከብሪጁ ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረበት፤ በቀኝ እጁ የሚመታው በአመልካች ጣቱ ብቻ ነው። ዲትሮይት ውስጥ ባለው የሞታውን ስቱዲዮ ግን ቤዙ በአብዛኛው ያለ አምፕሊፋየር በቀጥታ ወደ ማደባለቂያው ገብቶ ነው የተቀዳው። ዓለም «የጀመርሰን ድምፅ» እያለ የሚያወራው ቃና እንግዲህ በብዛት የመጣው ከጣቱ፣ ከአሮጌ ክሮቹና ከስፖንጁ ነው። የእሱን ቃና ፍለጋ አምፕሊፋየር ለሚገዛ ተጫዋች ይህ መረጃ ገንዘብ ያድናል።

ካሮል ኬይም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጣለች። በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እጅግ ብዙ ቀረጻዎች ላይ የተጫወተችው ይህች ሴት የምትመታው በፒክ ነበር፤ ክሮቹ ላይ ጨርቅ አድርጋ የድምፁን ጭራ ታሳጥረዋለች። ያንን ደረቅና ጥርት ያለ ምት ከአምፕሊፋየሩ ቁልፎች መፈለግ ድካም ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አዳራሾች እየሰፉ፣ የሮክ ባንዶች ጩኸት እየጨመረ ሲሄድ 25 ዋት አልበቃ አለ። ሀል ከአምፔግ ከወጣ በኋላ፣ በ1969፣ ድርጅቱ ቢል ሂውዝና ሮጀር ኮክስ የተሳተፉበትን ኤስቪቲ አወጣ። 300 ዋት፣ 14 ቲዩቦች (ድምፅ የሚያጎሉ የመስታወት ቱቦዎች)፣ ለብቻው ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን ራስ፣ ማለትም ስፒከር የሌለው የማጉያ ሣጥን። ከሥሩ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት ዝግ ካቢኔት ይቀመጣል። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዟቸው ላይ ተጠቀሙበት። ንጹሕ ድምፅ ብቻ ይፈልግ በነበረው ሰው የተመሠረተው ድርጅት፣ ሲገፉት የሚያጉረመርመውን የሮክ ቤዝ መለኪያ ያቆመው በዚህ አምፕሊፋየር ነው።

በተመሳሳይ ዘመን አኩስቲክ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ወደ ትራንዚስተር ሄደ። አኩስቲክ 360 የ200 ዋት ኃይሉን ወደ ካቢኔቱ ጀርባ ለዞረ ባለ 18 ኢንች ስፒከር ይሰጣል፤ ድምፁ በሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ በተሠራ መውጫ አልፎ ይወጣል። ጃኮ ፓስቶሪየስ ዌዘር ሪፖርት ከተባለው ባንድ ጋር በዓለም ሲዞር ከኋላው የቆመው ይህ ነበር። ፍሬቱ የወለቀው የጃዝ ቤዙ፣ አንገቱ ላይ የተቀባው ኤፖክሲና ሻካራ መጠምጠሚያ ያላቸው ክሮቹ ግን የቃናው እኩል ባለቤቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጋሊየን ክሩገር 800አርቢ በ1980ዎቹ ሁለት ማጉያ በአንድ ራስ ውስጥ ይዞ መጣ፤ 300 ዋት ለታችኛው ድምፅ፣ 100 ዋት ለላይኛው። ዛሬ ክላስ ዲ በተባለው የማጉያ ዘዴ የሚሠሩ ራሶች 500 ዋት በሁለት ኪሎ ገደማ ይሰጣሉ፤ የአጉዪላር ቶን ሀመር 500 አንዱ ነው። ኤስቪቲን ሁለት ሰው በደረጃ ላይ የሚያወጣበት ዘመን ለብዙዎች አልፏል።

እንግዲህ በእነዚህ መካከል ያለው የቃና ልዩነት ከየት ይመጣል? ቲዩብ አቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድምፁን በአንዴ አይቆርጥም። የሞገዱን አናት ቀስ እያለ ያለዝባል፤ በዚያው ሃርሞኒክስ፣ ማለትም ከኖታው በላይ አብረውት የሚሰሙ ተጓዳኝ ድምፆችን፣ ይጨምራል፤ ጎላ ብሎ የተመታውን ኖታ ዝቅ፣ ሳሳ ብሎ የተመታውን ከፍ ያደረገ ያህል ያቀራርባቸዋል። ተጫዋቹ «ተሞላልኝ» የሚለው ይህን ነው። ትራንዚስተር ግን ገደቡ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይሄድና ሲያልፍ በድንገት ይቆርጣል፤ ጆሮም ይጎረብጠዋል። ስለዚህ የቲዩቡ ባለቤት ከተጻፈው ዋት በላይ መግፋት ይችላል፤ የትራንዚስተሩ ባለቤት ትርፍ ኃይል አስቀምጦ መሄድ አለበት። እኩል ዋት የተጻፈባቸው ሁለት ራሶች መድረክ ላይ እኩል የማይሰሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዋት ራሱ ብዙዎችን ያታልላል። ኃይልን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ በእጥፍ የጎላ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በአንጻሩ የስፒከሩ ንቃት (ሴንሲቲቪቲ) በ3 ዴሲቤል ከተሻለ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ እንደማሳደግ ይቆጠራል። 500 ዋት ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ካቢኔቱን የሚመረምር ተጫዋች ብዙ ጊዜ መልሱን እዚያ ያገኘዋል። በዚያው ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች በትይዩ ሲገናኙ ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል፤ የአምፕሊፋየሩ ራስ ያንን መሸከም መቻሉን ከጀርባው ጽሑፍ ሳያነቡ ኬብል መሰካት ለራሱም ለባለቤቱም ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የባለ አራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ባለ አምስት ክር ሲሆን ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። የ41 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። ብዙ የመለማመጃ ክፍሎች ይህን ያህል ርዝመት የላቸውም። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ አንዱ ቦታ ላይ ይቆለላል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ከአምፕሊፋየሩ አንድ ሜትር ርቆ የቆመው ተጫዋች «ቤዙ አነሰ» ብሎ ቁልፉን ሲያዞር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ደረቱ ይነዝረዋል። ካቢኔቱን ወደ ጥግ ማስጠጋትም ታችኛውን ድምፅ ያጎላል። በንጽጽር ጊዜ አንዱ አምፕሊፋየር ጥግ፣ ሌላው መሀል ከተቀመጠ የተወዳደሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው።

ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ታችኛውን ድምፅ ከመካከለኛው የበለጠ ይዘነጋል፤ ሲጎላ ግን ታችኛው እየቀረበ ይመጣል። ስለዚህ በትንሹ ጎላ ያለው አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ «ሙሉ» መስሎ ያሸንፋል። ሌላም አለ፤ አብዛኞቹ የቤዝ ካቢኔቶች 41 ኸርዝን በሙሉ ኃይል አያወጡም። አድማጩ የሚሰማው በ82፣ በ123 እና በ165 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን የዚያ ኖታ ሃርሞኒክስ ነው፤ የጎደለውን መሠረት አእምሮው ይሞላዋል። የቤዝ መስመር በትንሽ የስልክ ስፒከር እንኳን መለየት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። መካከለኛውን ድምፅ፣ ሚዱን፣ ያጠፋ ተጫዋች ብቻውን ሲለማመድ ይጥመዋል፤ ባንዱ ሲገባ ይሰወራል።

እነዚህን ሁሉ የሚያውቅ ክሊኒክ ንጽጽሩን በሥርዓት ያካሂዳል። አንድ ቤዝ፣ አንድ ኬብል፣ አንድ ካቢኔት፤ የሚለወጠው የአምፕሊፋየሩ ራስ ብቻ ነው። ካቢኔት የሚወዳደርበት ቀን ደግሞ ራሱ አይነካም። ድምፁ በመለኪያ ይስተካከላል፤ መለኪያው በ«ኤ» ሳይሆን በ«ሲ» ሚዛን መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የ«ኤ» ሚዛን ዝቅተኛውን ድምፅ አሳንሶ ያነባል። አንድ ሐረግ በሉፕ መሣሪያ ተቀድቶ በሁሉም ራሶች ይለፍ፤ የተጫዋቹ ጣት ሳያውቀው ለእያንዳንዱ አምፕሊፋየር ራሱን ያስተካክላልና። ራሶቹ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይሁኑ። የታወቀ ስም ያየ ዓይን ጆሮን ይመራዋል።

ቁልፎችን ሁሉ መሀል ላይ አድርጎ «ሁሉም እኩል ናቸው» ማለትም አይሠራም። በባስማን ፈለግ በተሠሩ የቃና ሰርኪቶች መሀል ላይ የቆሙ ቁልፎች ሚዱን ይቀንሱታል፤ በሌላ ዓይነት ራስ ላይ ያው ቦታ እውነተኛው ሚዛን ሊሆን ይችላል። ጥሩው ዘዴ ሁለት ዙር ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ሁሉም ቁልፎች በአምራቹ ምክር ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ራስ እስኪስማማው ድረስ ያስተካክላል፤ ከዚያ ይወዳደራሉ። የመጀመሪያው ዙር የራሱን የተፈጥሮ ጠባይ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ የሚፈለገው ቃና ላይ በስንት ደቂቃ እንደሚደርሱበት ይናገራል፤ ሳውንድ ቼክ ለሚያጥረው ባንድ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

አድማጮች የሰሙትን ከመነጋገራቸው በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ታዋቂው ሰው «ሞቅ ያለ ነው» ካለ በኋላ ክፍሉ ሁሉ ሙቀት መስማት ይጀምራል። «ይጥማል» ከማለትም ሊፈተሽ የሚችለውን መጻፍ ይበጃል፤ የክፍት ወፍራሙ ክር ኖታ ከቀጭኑ ክር ኖታ ጋር እኩል ይሰማል ወይ? የኖታው መነሻ ይታወቃል ወይ? ኖታው ሲቆም ድምፁ አብሮ ይቆማል ወይስ ካቢኔቱ ውስጥ ይንከባለላል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ተጫዋቹ መጋረጃውን ገልጦ በገዛ ጣቱ ይሞክር። ሉፕ የማይነግረው ነገር አለ፤ ይኸውም አምፕሊፋየሩ ለጣት የሚሰጠው ምላሽ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ የመላከ ገብሬና የሮሃ ባንዱ የጆቫኒ ሪኮ የቤዝ መስመሮች ዛሬም በወጣት ተጫዋቾች ይጠናሉ። በ1977 በወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» አልበም ቤዙ ኦርጋኑን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ዜማውን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከዚያ ነው። በባህል ምሽት ቤቶች ደግሞ ቤዝ ክራር በኤሌክትሪክ እየጎላ በአምፕሊፋየር ይወጣል፤ የክራሩ ምት አጭርና ጠጣር ስለሆነ ሚዱን የሚያጠፋ አምፕሊፋየር ይገድለዋል።

ምቱም ፍርዱን ይለውጣል። ፈጣኑ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ሲሮጥ የቤዝ ኖታዎች ይቀራረባሉ፤ ድምፁን የሚጎትት ካቢኔት አንዱን ኖታ በሌላው ላይ ይደርብና ጭፈራውን ያደበዝዛል። እዚህ ላይ ዝግ ካቢኔትና ፈጣን ምላሽ ያለው ራስ ይጠቅማሉ። በዝግታ ለሚጫወት ትዝታ ግን ረጅሙ ኖታ እየሳሳ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ይሰማል፤ ቲዩቡ የሚጨምረው ሃርሞኒክስ እዚያ ላይ ዋጋ ያገኛል። በውጭ አገር የጃዝ ወይም የፈንክ ሐረግ ብቻ ተሞክሮ «ምርጥ» የተባለ አምፕሊፋየር ለዚህ አገር ባንድ ምርጥ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አንድ ተግባራዊ ነገርም ይታከል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ራስ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያለው 220 ነው። ከጀርባው መቀየሪያ መኖሩን ሳያዩ መሰካት አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

እንዲህ ያለ ክሊኒክ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ከሦስት ባንዶች በውሰት የመጡ ሦስት ራሶች፣ አንድ ካቢኔት፣ የድምፅ መለኪያ፣ መጋረጃና ወረቀት። ጠዋት ላይ ራሶቹ በሉፕ ይወዳደሩ። ከሰዓት በኋላ ድራም መቺ፣ ኪቦርድና ጊታር ይጨመሩ፤ ባንዱ ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ችክችካና አንድ ትዝታ ይጫወት፤ አድማጮች በየዙሩ ቦታ እየቀያየሩ ይስሙ። የጠዋቱና የከሰዓቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻውን ያሸነፈው ራስ ባንድ ውስጥም ማሸነፉና አለማሸነፉ ይታያል። ወረቀቶቹ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ ካቢኔት ደግመው ፈትነው ልዩነቱን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር ይችላሉ።